የተቅማጥ ናሙና ያለ በረዶ እንዴት ይቆያል?

በገዳሪፍና በከሰላ መንገድ ላይ በጎች ማስቀመጥ ሲጀምራቸው፣ ብዙ ነጋዴ ቀድሞ የሚያስበው ኦክሲቴትራሳይክሊን መውጋትን ነው። ተቅማጡ ከሆድ ትል ከመጣ ግን መርፌው አይሠራም፤ ፒፒአር የሚባለው ደስታ መሰል በሽታ ከሆነም ቫይረሱን አይነካውም። የመድኃኒቱ ወጪ ይባክናል፤ ቅሪቱ ከሥጋ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ በጉ ለእርድ መሸጥ የለበትም።

መንስኤውን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፤ ችግሩ ርቀትና ሙቀት ነው። ከመተማ እስከ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከሰላ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የናሙናው ማቆያ የሚመረጠውም በሚፈለገው በሽታ ነው።

ለትል እንቁላልና ለኮክሲዲያ፦ አንድ እጅ በጠጥ በሦስት እጅ 10 በመቶ ፎርማሊን ይዘፈዘፋል። ያለዚያ በሙቀት እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ቆጠራውም ይበላሻል።

ለዘረመል ምርመራ (ፒሲአር)፦ ናሙናው በላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ላይ በስሱ ተቀብቶ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በፕላስቲክ ይታሸጋል። በረዶ አይፈልግም፤ በፖስታም ይሄዳል። ለፒፒአር ግን የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ ይመረጣል።

የወረቀቱ ዘዴ በሰው ሕክምናም ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ ስታውጅ ከሰላ ቀድማ ከተጠቁት ግዛቶች አንዷ ነበረች። ዓለም አቀፉ የኮሌራ ቁጥጥር ግብረ ኃይልም በወረቀት ላይ የደረቀ ናሙናን ለፒሲአር ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱም ሆነ ፎርማሊኑ ሕያው ባክቴሪያ አያቆይም። እንደ ሳልሞኔላ ያለውን ባክቴሪያ ለማሳደግና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠቃው ለማወቅ፣ ናሙናው በበረዶ ሳጥን ቶሎ መድረስ አለበት።

ናሙናው የሚወሰደው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት፣ ገና ከታመመ እንስሳ፣ በጓንት ከፊንጢጣ ነው። ቀኑ፣ ቦታውና የእንስሳው ዕድሜ ይጻፍበታል። ድንበር የሚያሻግር ናሙና የሁለቱንም አገሮች ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ቀላሉ መንገድ መንጋው ባለበት ወገን ለሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ማስረከብ ነው። የትኛው ማቆያ እንደሚያስፈልግም አስቀድሞ እሱን መጠየቅ ያዋጣል።