ቆርቆሮ ማርጀቱን በምን ያሳውቃል?

የቆርቆሮ ጣራ ይቀየር አይቀየር የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሐምሌ ላይ፣ ባልዲና ሳፋ ወለሉ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ነው። ፍርዱም በጠብታው ይሰጣል፤ ካፈሰሰ አርጅቷል፣ ካላፈሰሰ ገና ነው። ነገር ግን አዲስ ጣራም በአንድ የላላ ሚስማር ያፈሳል፤ ያለቀለት ጣራ ደግሞ ኮርኒሱ ውሃውን እየጠጣለት ደህና መስሎ ይከርማል። ጠብታው የወደቀበት ቦታም ቀዳዳውን አያሳይም፤ ውሃው ሞራሌውን ተከትሎ ርቆ ሊወርድ ይችላል። መመርመር ያለባቸው ዚንኩና እንጨቱ ናቸው።

ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ዕድሜ የሚሰጠው የተለበጠበት ዚንክ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ይህ ዘዴ የሚሠራው ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ስለሚበላ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ጭረቱንና የተቆረጠውን ጠርዝ ሳይቀር ይከላከላል። ስለዚህ ብልጭታው ጠፍቶ ግራጫ መሆኑ አያስደነግጥም። ቀይ ዝገት ግን በዚያ ቦታ ዚንኩ ማለቁን ይናገራል። በሚስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከታየ ሚስማርና ጎማ በመቀየር ይታለፋል። ቆርቆሮው በተደራረበበት መጋጠሚያ ከታየ ይከፋል፤ እዚያ የገባ ውሃ ቶሎ አይደርቅም፣ ከውጭ የሚታየውም ጠርዙ ብቻ ነው። ማገዶ በሚነድበት ማድ ቤት ጭሱ ከሥር በኩል ስለሚበላው ከላይ ማየት አይበቃም። ፀሐይ ባለበት ቀን ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ማየት ይሻላል፤ ከሚስማሩ ርቀው የተበተኑ የብርሃን ነጥቦች ካሉ ብረቱ ራሱ ተበልቷል።

እንጨቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 2 ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 1 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን ያላላዋል። ሞራሌው ጤነኛ ከሆነ ወፈር ያለ ሚስማር ይይዛል። ምስጥ ከገባበት ወይም በጣት ሲጫኑት ከረገበ ግን ቆርቆሮው አዲስ ቢሆንም ነፋስ ያነሳዋል።

«ዝናብ ሳይኖርም ያንጠባጥባል» የሚል አይጠፋም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ የቤቱ እንፋሎት ቆርቆሮው ሥር ውሃ ይሆናል፤ መፍትሔው አየር ማስገባት እንጂ ጣራ መቀየር አይደለም። ካትራሜ መቀባትም ለአንድ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ በተበላ ብረት ላይ ግን ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላል። ዕድሜውን ቆጥሮ መወሰን የሚፈልግም አለ። ሆኖም 28 ጌጅና 35 ጌጅ እኩል ዓመት አይቆዩም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ቆርቆሮ ውድ ነው፣ ያለውን ይዞ አንድ ክረምት መግፋት ያጓጓል። የብሎኬት ቤት ይህን ሊታገስ ይችላል። የጭቃ ቤት ግን የግድግዳው ጠባቂ ጣራው ነው፤ ከአናቱ የገባ ውሃ ጭቃውን ያርሳል፣ የቋሚውንም ራስ ያበሰብሳል፣ ያን ጊዜ የሚጠየቀው የጣራ ዋጋ ብቻ አይሆንም። ደግሞ ሁሉንም በአንዴ መቀየር ግዴታ አይደለም። የዛፍ ቅጠል የሚከማችበትና ጥላ የሚውልበት ወገን ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ግንቦት ሳይወጣ ያንን ክንፍ ብቻ ከነሞራሌው መቀየር ይቻላል።