ስለ ታላላቅ የጦር መርከቦች መልሕቅና ሰንሰለት

መልሕቅ መርከብን የሚያቆመው በክብደቱ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ይህ አሳብ ሚዛን ላይ ሲወጣ አይጸናም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኒሚትዝ የሚላቸው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሁለት ሁለት መልሕቅ ሲኖራቸው፣ እያንዳንዱ መልሕቅ 60,000 ፓውንድ፣ ማለት 27 ቶን ያህል ይመዝናል፤ መርከቡ ግን 333 ሜትር ርዝመትና ወደ 100,000 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያለው በመሆኑ፣ መልሕቁ ከመርከቡ ሦስት ሺህ እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ ብረት ያን ግዙፍ ፍጥረት ከነፋስና ከማዕበል ግፊት ይዞ የማስቀረቱ ምሥጢር ምንድን ነው ቢሉ፣ አብዛኛው የሚገኘው ከሰንሰለቱ ዘንድ ነው፤ ምንም እንኳ ሠዓሊውም ማኅተም ቀራጩም መልሕቁን ብቻ እየሣሉ ክብሩን ሁሉ ለእርሱ ቢሰጡት።

የመልሕቁ ግብር ጥፍሮቹን በባሕሩ ወለል ባለው ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ መትከል ነው። ማረሻ ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባው በሬዎቹ ሞፈሩን ወደ ፊት ሲስቡት እንጂ ሽቅብ ሲነሣ እንዳልሆነ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መልሕቅም አግድም በተሳበ መጠን ይበልጥ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ሽቅብ የተሳበ እንደ ሆነ ግን ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ መርከበኞች በባሕሩ ጥልቀት ልክ ሳይወሰኑ፣ የጥልቀቱን አምስትም ሰባትም እጥፍ የሚደርስ ሰንሰለት ይለቃሉ፤ ከዚህም ብዙው በቀላዩ ወለል ተጋድሞ ስለሚቀር ስበቱ መልሕቁ ዘንድ ሲደርስ አግድም ይሆናል። ነፋሱ በበረታ ጊዜ መርከቡ ወደ ኋላ ለመሸሽ የተጋደመውን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ከወለሉ ማንሣት ግድ ይሆንበታልና፣ ያ ሁሉ ክብደት እየተነሣና እየወደቀ ድንገተኛውን ግፊት ያለዝበዋል።

ይህ ጥቅም ከጥንት የነበረ አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታላላቆቹ የጦር መርከቦች የሚታሰሩት በገመድ ነበር። ቪክቶሪ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ የመልሕቅ ገመድ ዙሪያው 61 ሳንቲ ሜትር ነበርና፣ ይህን የሚያህል ገመድ መልሕቁን በሚስበው መጠቅለያ ላይ ሊጠመጠም ስላልቻለ፣ ሌላ ቀጭን ገመድ በመጠቅለያው ዙሪያ እየዞረ፣ ብላቴኖች ትልቁን ገመድ ከቀጭኑ ጋር በአጫጭር ማሰሪያ እያሰሩ አብረው ይራመዱና ወደ ጓዳው መውረጃ ሲደርሱ እየፈቱ ይመለሱ ነበር። ድካሙ ሳያንስ ገመዱን ርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ድንጋይም ይቆርጠዋል። በገመዱ ዘመንም ቢሆን ግን መልሕቅ ለብልሃት ይውል ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ ከበስተኋላዋ አራት መልሕቅ መጣሏን በግብረ ሐዋርያት ያነበበ ሰው፣ የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን በ1798 በግብፅ ጠረፍ በአቡኪር ያደረገውን ሲሰማ አይደነግጥም፤ የፈረንሳይ መርከቦች በፊታቸው በኩል ብቻ ታስረው፣ ከጀርባቸው ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ተማምነው ቆመው ሳለ፣ የእንግሊዞቹ ከፊሎቹ በዚያው በኩል ሾልከው ገቡና፣ ከበስተኋላ በጣሉት መልሕቅ እየቆሙ፣ ሳይዞሩ መድፋቸውን በጠላት ጎን ላይ አነጣጠሩ። ከ13ቱ የፈረንሳይ ታላላቅ መርከቦች ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ።

የብረት ሰንሰለትን በእንግሊዝ መርከቦች ዘንድ ያስለመደው ሳሙኤል ብራውን የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። በ1808 ፔኔሎፕ የምትባል መርከብ በእርሱ ሰንሰለት ታጥቃ ወደ ምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ደርሳ በደኅና ተመለሰች። ይኸው ሰው በኋላ በትዊድ ወንዝ ላይ በ1820 የተከፈተውን በብረት የተንጠለጠለ ድልድይ ሠራ፤ ድልድዩም እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቀለበቱ የሚበየደው በእሳትና በመዶሻ ስለ ነበረ የሰንሰለቱ ጥንካሬ በአንጥረኛው እጅና ዓይን ላይ ተመሠረተ፤ አንድ ቀለበት በስንፍና ቢበየድ የሌሎቹ ሁሉ ጽናት ከንቱ ነበር። ይህን ሥጋት ያራቀው በ1926 በቦስተን የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ የተገኘው ጥበብ ነው። ቀለበቱን በሁለት ግማሽ ከፍለው፣ የአንደኛውን ጫፎች እንደ ወንዴ ጥርስ ያወጡላቸዋል፤ የሁለተኛውን ጫፎች ቀዳዳ ያበጁላቸዋል። ከዚያ ባለቀዳዳውን ብቻ በእሳት አግለው፣ ቀዝቃዛውን ወንዴ ያገቡበትና ከባድ መዶሻ መኪና ይወርድበታል፤ የጋለውም ብረት እየተጨመቀ በጥርሱ መካከል ሞልቶ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ላይለያዩ ይቆላለፋሉ። በቀለበቱ ወገብ የሚያልፈው አግዳሚ፣ ቀለበቱ ሲወጠር እንዳይጠብ፣ ሰንሰለቱም እንዳይተበተብ ይከለክላል። ፎረስታል የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ በ1955 ሥራ ሲጀምር የዚህ ዘር ሰንሰለት የደረሰበት መጠን አንዱ ቀለበት ብቻውን 360 ፓውንድ፣ ይኸውም ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ የሚመዝን ነበር። ማደሻው በ1974 ተዘጋ፤ ለእኔ ግን ከዚያ ከወጡት ሥራዎች ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው።

መልሕቅ የሚጣልበት ሰዓት በመርከብ ላይ ልዩ ሥርዓት አለው። መርከቡ ፍጥነቱን ገትቶ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲጀምር ትእዛዝ ይሰጣል፤ አንዱ መርከበኛ ሰንሰለቱን የያዘውን መንጠቆ ቁልፍ በመዶሻ መትቶ ይሸሻል፤ ሰንሰለቱም የዝገትና የደረቀ ጭቃ አቧራ እያስነሣ፣ የመርከቡን ወለል እያናወጠ፣ በቧንቧው ወርዶ ይሮጣል። ቀድሞ በምጽዋ በባሕር ኃይላችን ያገለገሉ አንባብያን ይህን ድምፅ አይስቱትም። ምን ያህል እንደ ወጣ የሚታወቀው በቀለም ነው፤ ሰንሰለቱ በየ27 ሜትር ተኩሉ ያህል በሚፈታ ቀለበት የተቀጠለ ሲሆን፣ በአሜሪካኖቹ ልማድ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ቀይ፣ ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ ሆኖ እንደገና ከቀይ ይጀመራል፤ በግራና በቀኙ ያሉት ነጭ ቀለበቶችም በተራው ቍጥር ልክ ይበዛሉ። ከመጨረሻው የሚቀድመው ክፍል ሙሉ በሙሉ ቢጫ፣ የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ቢጫው ሲወጣ የታየ እንደ ሆነ፣ በዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ማዕረግ ሳይለይ መሸሽ አለበት፤ የቀዩ ጫፍ ሰንሰለቱ ከሚከማችበት ጓዳ ግድግዳ ተገንጥሎ ሊወረወር ይችላልና።

መልሕቁ ከያዘ በኋላም የመርከበኞቹ አለቃ ከፊት ቆሞ ሰንሰለቱ ወደ የት እንዳዘነበለና ስበቱ ቀላል ወይም ብርቱ መሆኑን ለአዛዡ ያስታውቃል። ጠላት ወይም ዐውሎ ነፋስ ድንገት ደርሶ መልሕቁን ለመሳብ ጊዜ ያጠረ እንደ ሆነ፣ አንዱን መገጣጠሚያ የቆለፈውን ሾጣጣ ካስማ በመዶሻ አውጥተው ሰንሰለቱን ከነመልሕቁ ለባሕር ይለቁታል፤ ከመልቀቃቸው በፊት ግን ተንሳፋፊ ምልክት ያስሩበታል፤ ይህን የመሰለ ንብረት ሜዳ ላይ የሚጥል ባሕር ኃይል የለምና፣ አየሩ ሲረጋ መርከቡ ራሱ ወይም ሌላ መርከብ ተመልሶ ያወጣዋል።