ግድግዳው የየትኛው ዘመን ምስክር ነው?



የዛሬው ንግግሬ በአሜሪካ ምድር የስፔናውያንን አመጣጥ በሚተርኩ ሁለት የአደባባይ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ያተኩራል። ሁለቱም የተጠናቀቁት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ አንዱ በስፔን፣ ሌላው በሜክሲኮ። የሚተርኩት ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

የመጀመሪያው በደቡብ ስፔን፣ በፓሎስ አቅራቢያ በሚገኘው የላ ራቢዳ ገዳም ውስጥ ነው። ኮሎምበስ ከ1492ቱ ጉዞው በፊት ማረፊያና ደጋፊ መነኮሳትን ያገኘው በዚሁ ገዳም ነበር። ሠዓሊው ዳንኤል ቫስኬዝ ዲያዝ ኮሎምበስን በሐሳብ ተውጦ፣ ከመነኮሳቱ ጋር ሲመክር፣ የአካባቢውንም ባሕረኞች ለጉዞ ሲዘጋጁ ያሳየናል። ትረካው የሚያበቃው በመርከቦቹ ነው፤ በወዲያኛው ዳርቻ የሆነው ሁሉ ከግድግዳው ውጭ ቀርቷል።

ሁለተኛው በኩዌርናቫካ ከተማ፣ ድል አድራጊው ኤርናን ኮርቴስ ራሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠራው ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ይገኛል። ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው። በ1521 ስፔናውያንና የአገሬው አጋሮቻቸው በገደል ላይ በተጋደመ ዛፍ ተሻግረው ከተማዋን ሲይዙ እናያለን። ቀጥሎ የአገሬው ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ጎብጠው ይሠራሉ፤ ባለርስቱ በተንጠለጠለ የመረብ አልጋ ላይ ተጋድሟል። በመጨረሻም ኤሚሊያኖ ዛፓታ ነጭ ፈረስ ይዞ ቆሟል።

ዛፓታ የተገደለው በ1919 ነው። ታዲያ በወረራው ታሪክ ውስጥ ምን አገባው? የዚያ አውራጃ ገበሬዎች በእርሱ መሪነት የተነሡት የስኳር ርስቶች የመንደሮቻቸውን መሬት ስለዋጡባቸው ነው። ሪቬራ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የአገዳ እርሻ ሲሥል፣ ተመልካቹ ገና የሚያስታውሰውን የመሬት ጥያቄ ሥር እያሳየው ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሥዕሉን ወጪ የሸፈኑት በሜክሲኮ የዩናይትድ ስቴትስ አምባሳደር የነበሩት ድዋይት ሞሮው ናቸው፤ እኚህ ሰው ቀድሞ የባንክ ባለሙያ ነበሩ። ሠዓሊው ደግሞ ታዋቂ ኮሚኒስት ነበር። ስለዚህ ከፋዩን ማወቅ ብቻውን መልእክቱን አይፈታልንም፤ ሕንፃውን፣ ከተማውንና ተመልካቹን አብረን መመርመር ይኖርብናል።

ተማሪዎቼ በጥናታቸው ውስጥ የሪቬራን ሥዕል ለ1521 ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱ አያለሁ። ሥዕሉ የተሣለው ከድርጊቱ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ነው፤ አስተማማኝ ምስክርነቱም ስለ 1930 ሜክሲኮ ነው። የላ ራቢዳውም እንዲሁ፣ ስፔን በዚያን ጊዜ ከታሪኳ የትኛውን ክፍል ለማስታወስ እንደመረጠች ይነግረናል። በማንኛውም እንዲህ ያለ ግድግዳ ፊት ስትቆሙ፣ ትረካው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሠዓሊው አቋም ይበልጥ የሚገለጠው በዚያ ወሰን ላይ ነው።