ሕመምና ሞት ሲቈጠር፥ ወረዳና ወረዳም ሲወዳደር

ከየወረዳው የሚደርሰን የሕሙማንና የሙታን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ሲሰፍር፥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ብዙ ሞት በጻፈው ወረዳ ላይ ነው። ወዲያውም «ይህ ወረዳ ሰንፏል» የሚል ፍርድ ይከተላል። እኛም ከባሕር ማዶ ትምህርታችን እንደ ተመለስን ይህንኑ ፈርደን ነበር፤ በኋላ ስንመረምረው ግን ብዙ ሞት የጻፈው ወረዳ ሙታኑን በትጋት የቈጠረው ሆኖ አገኘነው። እንዲህ ሲሆን ነቀፋው በትጉው ላይ ያርፋል፤ መድኃኒቱም ዝም ወዳለው ወረዳ ሳይደርስ ይቀራል።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ገደለ ተገምቷል። ግምት መባሉ በየገጠሩ የሙታን መዝገብ ስላልነበረ ነው።

ከጎንደር በስተሰሜን ባለው በዳባት ወረዳ ግን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ አማካይነት በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፥ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። ሐኪም ሳያየው ለሞተ ሰው የሞቱ ምክንያት የሚገመተው ቤተ ዘመዱ ተጠይቆ ነው። እዚህ ላይ ጠያቂው ይጠንቀቅ፤ ልጇ የሞተባት እናት ስለ ትኩሳቱና ስለ ተቅማጡ ስትጠየቅ ተከሳሽ አይደለችም። ኀዘኑ ጥቂት እስኪበርድ መቆየት፥ የምንጠይቅበትን ምክንያት መንገር፥ አልናገርም ካለችም «እግዜር ያጽናሽ እናቴ» ብሎ መነሣት ይገባል።

ማወዳደሩም የራሱ ፍትሕ አለው። ደጋውን ዳባት ከጣና ዳር ከደንቢያ ሜዳ ጋር በወባ ማወዳደር ከፍታውን እንደ ትጋት መቍጠር ነው። ከስሜን ታሞ መጥቶ ጎንደር ሆስፒታል የሞተውም በጎንደር ስም ከተጻፈ ሁለቱም ቁጥሮች ይዋሻሉ።

ፍርድ በስሌት ውስጥም ይሰወራል። በበሽታና በሞት የጐደሉትን ዓመታት የሚደምረው የዓለም ስሌት፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲጀመር ለሕፃንና ለሽማግሌ አንድ ዓመት ከጎልማሳው ያነሰ ዋጋ ይሰጥ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ስሌት ቀርቷል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው እንላለን።

ስለዚህ የወረዳ ጸሐፊዎች ሟቹን በሞተበት ሳይሆን በኖረበት ወረዳ ያስፍሩት። መግለጫ ያልመጣበትንም ቀበሌ በዜሮ አይሙሉት፤ በቦታው «አልደረሰም» ብለው ይጻፉ።