የክርን ሕመምና «ከራስ ደም የሚሠራው መርፌ»

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ የጤና ንግግር ለአንባብያን የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ሰው «ክንዴን ያዘኝ» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ነገር ግን በእጁ ሠርቶ በሚያድር ሰው ላይ ሲደርስ የቤተሰቡን ኑሮ ስለሚያናጋ አንድ ሕመም እንነጋገራለን።

ርእሱን ያስነሣን ከአንድ አድማጫችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ወንድማችን የ46 ዓመት ልብስ ሰፊ ናቸው። የቀኝ ክርናቸው ውጫዊ ጎን ማመም ከጀመራቸው ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። መቀስ ሲጨብጡ፣ ካውያ ሲያነሡ፣ የዉዱእ ማንቆርቆሪያ ዘንበል ሲያደርጉ ሕመሙ እስከ እጃቸው አንጓ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ክርናቸው ላይ መርፌ ተወግተዋል። በየጊዜው ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፍቶ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያውም ብሶ። አሁን ጅዳ የሚኖሩት ወንድማቸው «ከገዛ ደምህ ተዘጋጅቶ የሚወጋ፣ ጅማትን እንደ አዲስ የሚያበቅል መርፌ አለና ና» ብለዋቸዋል። ለጉዞውና ለሕክምናው የዕቁብ ዕጣቸውን ሊያውሉ፣ ካልበቃም አንደኛውን የስፌት መኪና ሊሸጡ አስበዋል። «ብሬን ከማውጣቴ በፊት እውነቱን ንገሩኝ» ይላሉ። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ ይህ መርፌ ምንድን ነው? ያድናል ወይ? ደምን መልሶ መወጋትስ በሸሪዓችን እንዴት ይታያል?

ጥያቄዎቹ የብዙ ቤት ጥያቄዎች ስለሆኑ አንድ በአንድ እንመልሳቸው፤ ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የእጅን አንጓ ወደ ላይ የሚያነሡትና ጣቶችን የሚዘረጉት ጡንቻዎች በክርን ውጫዊ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ይነሣሉ። ጡንቻዎቹን ከዚህ ጉብታ ጋር የሚያያይዛቸው ጠንካራ ጅማት ነው። አንድን ዕቃ ጨብጠን ስናነሣ አንጓችን እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም ይኸው ጅማት ነው። ልብስ አጥባ የምትጨምቅ እናት፣ ቡና የምትወቅጥ እኅት፣ ብሎን የሚያጠብቅ መካኒክ፣ ግድግዳ የሚቀባ ቀለም ቀቢ፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ በዚህ ጅማት ላይ ይሠራሉ።

ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1873 ይህን ሕመም ብዙ በሚጽፉ ሰዎች ላይ አይቶ ጻፈው። ኋላ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎችን ስለሚያጠቃ «ቴኒስ ኤልቦ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ግን ያሳስታል፤ አብዛኛው ታማሚ የቴኒስ ራኬት ይዞ አያውቅም። ከመቶ ዐዋቂ ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ያገኛል፤ ይበልጥ የሚታየውም ከ35 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ነው።

ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ሕመሙን ብግነት ነው፣ ማለትም ጅማቱ ተቆጥቶ በማበጡ የመጣ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ1979 አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሮበርት ኒርሽል ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት በቀዶ ሕክምና የወጣውን ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ነገር ነበር። ሥርዓት ይዘው መሰለፍ የነበረባቸው ክሮች ተዘበራርቀዋል፤ የብግነት ሕዋሳት ግን እምብዛም አልነበሩም። ለልብስ ሰፊው ወንድማችን በሚቀርባቸው ቋንቋ ብንናገር፣ የተቀደደ ጨርቅ መጠገን ተጀምሮ በወጉ ሳይሰፋ ቀረ ማለት ነው። ጅማት የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ ጥገናው ዘገምተኛ ነው፤ በየቀኑ ከዐቅሙ በላይ ስንጎትተው ደግሞ የተሰፋው መልሶ ይተረተራል።

ሦስቱ መርፌዎች ለምን አልዘለቁም?

ደብዳቤው የመርፌውን ስም ባይጠቅስም ሁኔታው የኮርቲዞን መርፌን ይመስላል። ኮርቲዞን ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል፤ የላላውን ጅማት ግን አይጠግንም። በ2002 በኔዘርላንድ በ185 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በኮርቲዞን የተሻላቸው ከመቶ 92 ነበሩ፤ መርፌ ሳይወጉ ከጠበቁት ግን የተሻላቸው ከመቶ 32 ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መርፌውን ይመርጣል። ዓመቱ ሲሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በኮርቲዞን የተሻላቸው ከመቶ 69፣ በጠበቁት ዘንድ ከመቶ 83፣ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ በሠሩት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 91 ሆኑ። በ2013 በአውስትራሊያ በ165 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ኮርቲዞን ከተወጉት ከመቶ 54ቱ ሕመሙ እንዳገረሸባቸው፣ ማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ግን ያገረሸባቸው ከመቶ 12 ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል።

ስለዚህ ወንድማችን የደረሰባቸው ነገር የዕድል ጉዳይ አይደለም። ሕመሙ ሲጠፋላቸው የዳኑ መስሏቸው ወደ ሙሉ ሥራቸው ተመለሱ፤ ያልተጠገነው ጅማትም እንደገና ተጎተተ።

አዲሱ መርፌ እንዴት ይሠራል?

«ጅማትን የሚያበቅል» የሚባለው መርፌ በብዛት በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛውና የቆየው ጠንከር ያለ የግሉኮስ ውሃ ታመመው ጅማት ላይ የሚወጋበት ፕሮሎቴራፒ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ያስፋፉት ጆርጅ ሃኬት የተባሉ ሐኪም ናቸው። ሐሳቡ ጅማቱን በመጠኑ አስቆጥቶ ሰውነት ጥገናውን እንደ አዲስ እንዲጀምር ማነሣሣት ነው። የተደረጉለት ጥናቶች ግን በአብዛኛው በጥቂት ሰዎች ላይ የተወሰኑ ናቸው።

ሁለተኛው ደብዳቤው የጠየቀው ነው፤ ፒ.አር.ፒ. ይባላል። ከታማሚው ክንድ ደም ይቀዳና በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ደሙን በየክፍሉ ይለየዋል። ፕላትሌት የሚባሉት፣ ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ደቃቅ አካላት የተከማቹበት ፈሳሽ ይወሰድና ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ጅማቱ ላይ ይወጋል። ፕላትሌቶች ቁስል እንዲጠግግ የሚያግዙ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው፣ ጅማቱንም ይጠግናሉ የሚል ተስፋ ነው። አንዳንድ አድማጮች ከሒጃማ (ዋግምት) ጋር ያመሳስሉታል፤ አንድ አይደለም። ዋግምት ደምን ያወጣል፤ ይህ ከደሙ የተለየውን ክፍል መልሶ ያስገባል።

ያድናል ወይ?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት። በ2010 በኔዘርላንድ 100 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ፒ.አር.ፒ.፣ ግማሾቹ ኮርቲዞን ተወጉ። ከዓመት በኋላ ፒ.አር.ፒ. ከተወጉት ከመቶ 73ቱ፣ ኮርቲዞን ከተወጉት ከመቶ 49ኙ ተሽሏቸው ተገኙ። ክሊኒኮች አዘውትረው የሚያነሡት ይህን ዓይነቱን ውጤት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ንጽጽሩ ከኮርቲዞን ጋር ነው። ኮርቲዞን ደግሞ በዓመቱ ምንም ካለመወጋት እንኳ እንደሚያንስ ቀደም ብለን አይተናል። ከአንካሳ ጋር ሮጦ የቀደመ ሰው ፈጣን ነው ማለት አይቻልም።

ትክክለኛው ሚዛን ምንም መድኃኒት ከሌለው መርፌ ጋር ማነጻጸር ነው። በ2013 በዴንማርክ 60 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ፒ.አር.ፒ.፣ ኮርቲዞንና ተራ የጨው ውሃ ተወጉ። ከሦስት ወር በኋላ በሕመማቸው መጠን በሦስቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በ2014 በአሜሪካ 230 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ግን ከ24 ሳምንት በኋላ ፒ.አር.ፒ. ከተወጉት ከመቶ 84፣ ካልተወጉት ከመቶ 68 እንደተሻላቸው ዘግቧል። ጥናቶቹ ስለማይስማሙ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም በ2021 በድምሩ 2337 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 32 ጥናቶች አንድ ላይ መረመረ። የደረሰበት መደምደሚያ፣ የራስ ደም ወይም ፒ.አር.ፒ. መወጋት ለዚህ የክርን ሕመም ከማስመሰያ መርፌ የተለየ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም የሚል ነው።

«ታዲያ ተወግቶ የዳነውን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን በጨው ውሃ የተሻላቸውም፣ ምንም ሳይወጉ የተሻላቸውም ብዙዎች ናቸው። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ ብዛት የሚለቅ ነው። በመጨረሻው ወር የተወጋ ሰው ምስጋናውን ለመርፌው ይሰጣል።

በሸሪዓ በኩልስ?

እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ዑለሞች ያሉትን ብቻ እናስተላልፋለን። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ከአንድ ሰው አካል ተወስዶ ወደዚያው ሰው ሌላ የአካል ክፍል ስለሚዛወር ነገር ተነጋግሯል። በምሳሌነትም ቆዳን፣ አጥንትን፣ የደም ሥርንና ደምን ጠቅሷል። ይህ እንደሚፈቀድ የወሰነውም የሚጠበቀው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት እንደሚበልጥ ከተረጋገጠ ነው። እንግዲህ የወንድማችን ሦስተኛ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ይመልሰናል። የደሙ ጉዳይ በሩን ባይዘጋውም፣ ጥቅሙን ሳይመዝኑ መግባት ግን ተገቢ አይሆንም። ከቤተሰብ ጉሮሮ የሚነጠቅ ገንዘብም ከጉዳቱ ወገን የሚቆጠር ነው።

ስለ ጾምም ይጠየቃል። ይኸው አካዳሚ በ1997 ለሕክምና በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ፣ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ካልሆነ በቀር ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። የሆነ ሆኖ ይህ ሕመም የሚያጣድፍ አይደለምና፣ ልቡ የሚጠራጠር ሰው ቀጠሮውን ከረመዳን በኋላ ቢያደርገው ምንም አይጎዳውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጅማቱን እናሳርፈው ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። የሚያሳምመውን አነሣስ መለወጥ ነው። ዕቃ ስታነሡ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን፤ በሁለት እጅ አንሡ፤ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ። ልብስ መጭመቁን፣ ውሃ መሸከሙንና መውቀጡን ለጊዜው ሌላ የቤተሰብ አባል ይረከብ። ባሎችና ወንዶች ልጆች፣ ይህን ስንል እናንተንም ነው። ከሱጁድ ስትነሡ ሕመም የሚሰማችሁ በደህናው እጃችሁ ይበልጥ ተደገፉ፤ ሕመምተኛ በሚችለው መጠን እንዲሰግድ ዲናችን አግርቶለታል።

ሁለተኛ፣ ጅማቱን ቀስ በቀስ ማጠንከር። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ መዳፋችሁ ወደ ታች ይዙር፤ አንጓችሁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ይበል። ትንሽ ውሃ ያለበት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። በደህናው እጅ እየረዳችሁ አንጓውን ወደ ላይ አንሡት፤ ከዚያ ደህናውን እጅ ለቃችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ይህን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ በቀን አንድ ጊዜ ሥሩ። ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማችሁ አትደንግጡ። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰ ግን ውሃውን ቀንሱ። እየቀለላችሁ ሲሄድ ውሃውን ጨምሩ። ለውጡን በሳምንት አትጠብቁ፤ ሁለትና ሦስት ወር ይፈልጋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከተገኘ አጀማመሩን ቢያሳያችሁ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የታመመውን ቦታ በኃይል የሚያሽ ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ፤ የሚተረተረውን ጅማት ይብሱን ይጎዳዋል። ክርኑ ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ሕመሙ ከአንገት የሚወርድ ከሆነ ወይም ከመውደቅ በኋላ እጅን መዘርጋት ካቃተ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ይህን ሁሉ አድርጎ ያልተሻለውና ፒ.አር.ፒ. ለመወጋት የወሰነ ሰውም ቢኖር፣ አስቀድሞ ይጠይቅ። መርፌውና ደሙ የሚያልፍባቸው ዕቃዎች ሁሉ አዲስ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው? ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ስንት ጊዜ ይደገማል? ካልተሻለኝስ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የደም በሽታ ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ከመርፌው በኋላም ለቀናት ሕመሙ ሊብስ እንደሚችል ይወቅ። «መቶ በመቶ አድንሃለሁ» የሚል ክሊኒክ ግን፣ ከላይ ያየናቸውን ጥናቶች አላነበበም ወይም እያወቀ ደብቋል።

ውድ ወንድማችን፣ የስፌት መኪናዎን አይሽጡ። የዕቁቡንም ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩት። እስካሁን ሦስት መርፌ ተወግተዋል፤ ጅማቱን የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ መሥራትዎን ግን ደብዳቤዎ አይገልጽም። ባለሙያ አማክረው ሦስት ወር ይሞክሩት፤ ከባዱን ካውያ ልጆችዎ ያንሡልዎ። አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማድረጉን እናምናለን። መድኃኒቱ ግን ሁልጊዜ ውድ በሆነው ነገር ውስጥ አይደለም፤ አንዳንዴ ግማሽ ሊትር ውሃና ሶብር ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደሆኑ ይጻፉልን፤ ኢንሻአላህ ለአድማጮቻችን እናሰማለን።

ለእርስዎም ለሕሙማን ሁሉም አላህ ሺፋውን ይላክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።