ሕንፃው ቆሞ ባለቤቱ ሲወድቅ

የካናዳው ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ ኩባንያ ታሪክ፣ በብድር ላይ የተመሠረተ ሀብት ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ በግልጽ ያስረዳል።

በቶሮንቶ ከተማ በወለልና በግድግዳ ሴራሚክ ንግድ ሥራ የጀመሩት የራይክማን ወንድማማቾች፣ ኒው ዮርክ በገንዘብ ችግር ተይዛ በነበረችበት በ1977 እ.ኤ.አ. ስምንት የቢሮ ሕንፃዎችን በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። ገበያው ሲያገግም የሕንፃዎቹ ዋጋ ናረ። እነርሱም ንብረቱን በመያዣነት እያስያዙ ለሌላ ግንባታ ተበደሩ። ባንኮችም የቤተሰቡን ዝና ተማምነው፣ የኩባንያውን ሙሉ ሂሳብ ሳይመረምሩ አበደሩ።

በ1987 የተረከቡት የለንደኑ ካነሪ ዎርፍ ሲጠናቀቅ ግን የቢሮ ኪራይ ገበያ ተዳክሞ ነበር። ተከራይ ጠፋ፤ ተስፋ የተጣለበት የምድር ውስጥ ባቡርም እስከ 1999 አልደረሰም። በመሆኑም ኩባንያው በግንቦት 1992 ከባለ ዕዳነት የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ።

ካነሪ ዎርፍ ውሎ አድሮ በተከራይ ተሞላ። ሊዘነጋ የማይገባው ዐቢይ ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ የሕንፃ ኪራይ ዓመታትን ጠብቆ ይመጣል፤ የዕዳ ቀን ግን ማንንም አይጠብቅም።