የበሽታው መንገድ በሰሊጥ አገር
የኤድስ ሕሙማን በአገራችን መጀመሪያ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ የቫይረሱን መንገድ የተከተሉ ተመራማሪዎች እስከ መተማና አብርሃ ጅራ ቆላ ወርደዋል፤ ይኸውም ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚጎርፈው ወጣት ከቤቱ ርቆ የሚከርመው በዚያ ስለሆነ ነው። ቂጥኝና ከርክር ያቆሰሉት ገላ ለኤች አይ ቪ የተከፈተ በር ይሆናል። በዚሁ ቆላ ደግሞ ካላዛር አለ፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ ሕመም ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ዳነ ሲባል እየመላለሰ ያገረሻል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው ግን በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ችግሩ አጨዳው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲገባ የሕክምና መዝገቡ ቆላ መቅረቱ ነው። እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፥ መሸኛ ያልያዘ ባለጉዳይ በየመስኮቱ እንዴት እንደሚጉላላ ታውቃላችሁ፤ በዚህ ጊዜ የሚቋረጠው ግን መድኃኒቱ ነው።